ሰርቪስ፦ አንድ ቃል፣ ብዙ ፍቺ

  

ይህን ወረቀት በእጃችሁ ይዛችሁ፣ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ በርቱ። በራዲዮ ስትሰሙ ያመለጣችሁ ነገር ቢኖር እዚህ ተጽፎላችኋል። አትቸኩሉ። ወረቀት እንደ ራዲዮ ጥሎ አይሄድም። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብታነቡት አይቆጣም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን አገራችን ከገባ ቆይቷል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይናገረዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይሰማ የሚያድር ሰው ያለ አይመስለኝም። ቃሉ «ሰርቪስ» ነው።

«ኧረ ይህንንማ ማን ያጣዋል!» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። አውቀዋለሁ ብዬ እናቴን ጎዳኋት። እንዴት እንደ ሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ግን ቃሉን ፈታ ፈታ አድርገን እንየው።

ፊደሉ

ቃሉ አራት ፊደል አለው፦ ሰ፣ ር፣ ቪ፣ ስ። ሦስቱን ታውቋቸዋላችሁ። እንግዳው ሦስተኛው ነው፤ «ቪ»።

ይህ ፊደል በድሮው የግዕዝ ገበታ ላይ አልነበረም። የውጭ ቃል ለመጻፍ ሲያስፈልግ «በ»ን ወሰዱና በራሱ ላይ መስመር ጨመሩበት። «ቨ» ሆነ። እንግዲህ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ማለት የሚችል ሰው «ቨ፣ ቩ፣ ቪ» ማለት አያቅተውም። ያው «ቢ» ነው፤ ቆብ ደፍቶ መጣ እንጂ።

ድምፁ ግን ይለያል። «ቢ» ስትሉ ሁለቱ ከንፈሮቻችሁ ይገጥማሉ። «ቪ» ስትሉ የላይኛው ጥርሳችሁ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። እስቲ ሞክሩት። ብዙ ሰው «ሰርቢስ» ይላል። ነውር የለውም፤ አፋችን የለመደውን ነው የሚናገረው። ወረቀት ላይ ስታዩት ግን ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን እወቁ።

ግንዱ

እንግሊዞችም ቢሆኑ ይህን ቃል ከሰው ነው የወሰዱት። ከፈረንሳይኛ አገኙት። ፈረንሳይኛውም ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን «ሰርቩስ» ማለት ባሪያ፣ ሎሌ ማለት ነበር። የሎሌው ሥራ ሰርቪስ ተባለ። ዘመን ሲያልፍ ቃሉ ከሎሌነት ወጣና ለሌላ ሰው የሚሠራ ሥራ ሁሉ መጠሪያው ሆነ።

በአማርኛ ጥሩ ቃል አለን፤ «አገልግሎት» እንለዋለን። በእኛ በወሎ ደግሞ በድግስ ላይ፣ በዱዓ ቤት ቆሞ እንግዳ የሚያስተናግደውን ሰው «ካዳሚ» እንለዋለን። ቡናውን የሚያቀርበው፣ ውኃውን የሚቀዳው፣ ለሁሉም የሚታዘዘው እርሱ ነው። የካዳሚ ሥራ አገልግሎት ነው። አገልግሎት ሰርቪስ ነው። ግንዱ ይህ ነው። አሁን ወደ ቅርንጫፎቹ እንሂድ።

ሰርቪስ ሲመጣ

ማለዳ ነው። ኮምቦልቻ ገና አልሞቀችም። በዋናው መንገድ ዳር ሴቶችና ወንዶች ቆመዋል። አንዳንዱ ምሳውን በፌስታል ይዟል። አንዳንዷ ጋዋኗን በክንዷ ላይ ጥላለች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታል።

«ሰርቪስ መጣ?»

«አልመጣም።»

«አምልጦኝ እንዳይሆን?»

ይህ የመጀመሪያው ፍቺ ነው። ሰርቪስ ማለት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚያመላልስ መኪና ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ አለ፤ ቢራ አለ፤ ብረታ ብረት አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው አለ። 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሐረጎ በኩል ይወርዳል፤ ማታ መልሶ ይወጣዋል። ከደሴ ብርድ በጋቢ ተጠቅልሎ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሰርቪስ ትልቅ ነገር ነው።

አውቶቡሱ ላይ «የሠራተኞች ሰርቪስ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ፣ «ይህ መኪና ለሁሉም ሰው አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ይሳፈርበታል» ማለት ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያስቆመው ይሞክራል። መኪናው አልፎት ሲሄድ «ምን ዓይነት ክፉ ሾፌር ነው!» ይላል። ሾፌሩ ክፉ አይደለም። ጽሑፉ ግንባሩ ላይ ነበረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳችሁ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ብትሉ ሰሚው ግራ ይገባዋል። በእነርሱ ቋንቋ ቃሉ ብቻውን የሠራተኛ መኪና ማለት አይደለም። ይህን ፍቺ የሰጠነው እኛው ነን። ቃል እንደ ሰው ነው፤ አገር ሲለውጥ ሙያም ይለውጣል።

ሰርቪስ ሲደርስ

ሁለተኛው ፍቺ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና በኮምቦልቻ ያልፋል። ከዚሁ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ መንገድ አለ፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና ይወርድበታል። ስለዚህ ከተማዋ ሾፌርና መካኒክ አታጣም።

ሾፌሩ «መኪናዬ ሰርቪስ ደርሷል» ይላል። ምን ማለቱ ነው? «መኪናዬ ተበላሽቷል» ማለቱ አይደለም። ዘይቱ የሚቀየርበት፣ ፊልትሮው የሚለወጥበት፣ ግሪስ የሚገባበት ጊዜ ደርሷል ማለቱ ነው። የተበላሸውን ማዳን ጥገና ይባላል። ሳይበላሽ መንከባከብ ሰርቪስ ይባላል።

መካኒኩ ዘይት ሲቀይር ብዙ ጊዜ በትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፎ መኪናው ውስጥ ይለጥፋል ወይም ያንጠለጥላል። ቁጥሩ የሚቀጥለው ሰርቪስ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ይነግራችኋል። ባጃጅ የምትነዱ ወጣቶች ይህን ቁጥር ማንበብ ለእናንተ እንጀራ ነው። ሰርቪስ ያለፈው ሞተር አንድ ቀን ሽቅብ ላይ ይቆማል። ያን ቀን ለሰርቪስ ያልከፈላችሁትን ገንዘብ ለጥገና እጥፍ ድርብ አድርጋችሁ ትከፍላላችሁ።

ሰርቪስ ሲከራይ

ሦስተኛው ፍቺ በግቢያችን ውስጥ ነው። ደላላው «ሰርቪስ አለችኝ፤ ርካሽ ናት» ቢላችሁ መኪና እንዳይመስላችሁ። ከዋናው ቤት ጀርባ ተነጥለው የሚሠሩት ክፍሎች ሰርቪስ ይባላሉ። ወጥ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛዋ ማደሪያ እዚያ ናቸው። ለዋናው ቤት አገልግሎት የሚሰጡ ስለ ሆኑ ነው ይህ ስም የወጣላቸው።

ዛሬ በዚያች ክፍል ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ይኖሩባታል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ «ሰርቪስ ቤት ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ ይህን ጠይቁ፦ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው ወይስ የግል? ውኃና መብራት ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻ? ያነበበ ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል። ያላነበበ ሰው ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ይጣላል።

ሰርቪስ ሲከፈል

አራተኛው ፍቺ ሆቴል ቤት ነው። በምግብ ቤት በር ላይ «ሰልፍ ሰርቪስ» የሚል ጽሑፍ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ብዙ ሰው «ተሰልፎ ለቆመ ሰው የሚሰጥ አገልግሎት» ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ሰዉም እውነትም ተሰልፎ ነው የሚታየው! ነገር ግን ይህ «ሰልፍ» የእኛ ሰልፍ አይደለም። የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ራስ» ማለት ነው። «አስተናጋጅ አትጠብቅ፤ ሳህንህን ይዘህ ራስህን አስተናግድ» ማለት ነው። ካዳሚውም አንተ፣ እንግዳውም አንተ።

በትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ ሒሳብ ስታስመጡ በወረቀቱ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። የአገልግሎት ክፍያ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 ነው። ከእርሱም ሌላ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ከመቶ 15 ነው። እስቲ አብረን እናስላ። የምግቡ ዋጋ 100 ብር ይሁን። ሰርቪስ 10 ብር ይጨመራል፤ 110 ሆነ። በ110 ብሩ ላይ ታክሱ ሲሰላ 16 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ድምሩ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ 100 ብር አንብቦ 100 ብር ብቻ ይዞ የገባ ሰው ያፍራል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ።

ባንክም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ስትልኩ የሚቆረጠው ትንሽ ገንዘብ ሰርቪስ ቻርጅ ነው። ከደረሰኙ ላይ አንብቡት፤ ስንት እንደ ተቆረጠባችሁ እወቁ።

ሌሎችም አሉ

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። የእጅ ስልካችሁ «ሰርቪስ የለም» ቢላችሁ የስልኩ መረብ አልደረሰኝም ማለቱ ነው፤ ስልኩ አልተበላሸም። መረብ ኳስ ሜዳ ላይ «ሰርቪስ የማን ነው?» ሲባል ኳሱን መጀመሪያ መትቶ የሚያስጀምረው ማን ነው ማለት ነው።

ትልልቅ ሰዎች ደግሞ «የሰርቪስ አስተማሪ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ያ ዓመት «ሰርቪስ» ይባል ነበር። በወጣትነታቸው ከእነዚያ ልጆች የተማሩ አዛውንት ዛሬም «የሰርቪስ አስተማሪያችን» ብለው ያነሷቸዋል።

ሰርቪስ ሲቆጠር

አሁን ወደ ከባዱ ፍቺ መጣን። ወደ እናቴም ታሪክ መጣን።

እናቴ በመጀመሪያ ደሴ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት ሠራች። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውራ አንድ ፋብሪካ ገባች። ቤታችን ለፋብሪካው ቅርብ ስለ ነበረ በእግሯ ነበር የምትሄደው። ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጎበዝ ተማሪ ስለ ነበርኩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ያስነብበኝ ነበር። በዚህም ኩራት ቢጤ አድሮብኝ ነበር።

አንድ ቀን ማታ እናቴ ከደመወዟ ጋር የተሰጣትን ወረቀት አመጣችልኝ።

«እስቲ አንብብልኝ፤ ምን ይላል?»

ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው ይጠሩኛል። የጨርቅ ኳስ ልንጫወት ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኳት። ከላይ «ማስታወቂያ» ይላል። ቀጥሎ «ሰርቪስን ይመለከታል» ይላል። እዚያ ላይ አቆምኩ።

«ስለ ሰርቪስ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«የመኪናውን?»

«አዎ፣ የመኪናውን።»

«እንግዲያ እኔን ምን አገባኝ» አለች። «ሰርቪስ የሚያሻው ለሩቅ ሰው ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ በርበሬ ቋጠረችበት። እኔም ወደ ኳሴ ሮጥኩ።

ያላነበብኩት መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመዛወራችሁ በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት የሠራችሁበትን ሰርቪስ፣ ማስረጃ ይዛችሁ በመቅረብ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እንድታስቆጥሩ።» ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ነው። ነገሩ ስለ መኪና አልነበረም። ስለ ዕድሜዋ ነበር። አንድ ሰው በሥራ ላይ ያሳለፈው ዘመን ሰርቪስ ይባላል። የአገልግሎት ዘመን ማለት ነው።

ዓመታት አለፉ። እናቴ ጡረታ ልትወጣ ሆነ። አብሬያት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፋይሉን ገለጠችና «እናቴ፣ የእርስዎ ሰርቪስ 21 ዓመት ነው» አለቻት።

«ኧረ እኔ አንድ ቀንም ሰርቪስ ተሳፍሬ አላውቅም፣ ልጄ!» አለች እናቴ።

በቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች። ነገሩ ሲገባት ግን ሳቋ ቆመ። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የሠራችው 26 ዓመት ነው። የደሴዎቹ አምስት ዓመታት የሉም።

ደሴ ሄድን። የድሮው መሥሪያ ቤት ተዘግቷል። መዝገቡ የት እንደ ገባ የሚነግረን አጣን። አምስቱ ዓመት ሳይቆጠር ቀረ።

አምስት ዓመት በገንዘብ ስንት ነው? በ2003 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ለጡረታ ሲደርስ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ ተሰልቶ ከመቶ 30 ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል። የሰውዬው አማካይ ደመወዝ 1,600 ብር ነው እንበል። አምስት ዓመት ማለት ከመቶ 6.25 ነው። ይህም በወር 100 ብር ይመጣል። በዓመት 1,200 ብር ነው። እስከ ዕለተ ሞት በየወሩ የሚቀር ገንዘብ ነው።

እናቴ አልተቆጣችኝም። «አብሽር፤ አንተ ልጅ ነበርክ» አለችኝ። እኔ ግን ልጅነቴ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ማንበብ እችል ነበር። የጎደለኝ መጨረስ ነበር።

ለምን መጨረስ?

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ምሥጢሩን የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማሰሪያው ከኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ስታገኙ ገና ምንም አላወቃችሁም። ማሰሪያውን ስታዩ ነው የምታውቁት። ተመልከቱ፦

ሰርቪስ አመለጠኝ። ይህ መኪና ነው።

ሰርቪስ አስደረግሁ። ይህ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ነው።

ሰርቪስ ተከራየሁ። ይህ ቤት ነው።

ሰርቪስ ከፈልኩ። ይህ ገንዘብ ነው።

ሰርቪስ አስቆጠርኩ። ይህ የሥራ ዘመን ነው።

አያችሁ? መጀመሪያው አንድ ነው፤ መጨረሻው አምስት ነው። ሰውን በጎረቤቱ ታውቁታላችሁ፤ ቃልንም ከጎኑ በቆመው ቃል እወቁት። አራት ነጥብ ላይ ሳትደርሱ «ገባኝ» አትበሉ።

ሰርቪሳችሁን ጠብቁ

ሠራተኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ ከሰርቪስ ፍቺዎች ሁሉ በእንጀራችሁ የሚገባው የሥራ ዘመናችሁ ነው። ጡረታ ብቻ አይደለም የሚቆጠርበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመርለታል። 11 ዓመት ያገለገለ 21 ቀን ያርፋል። በመዝገቡ ላይ ሰባት ዓመት ብቻ ቢጻፍለት ግን 19 ቀን ይሆንበታል። አራት ዓመት ሲጠፋ ሁለት ቀን ዕረፍት አብሮ ይጠፋል።

ጡረታም እንዲሁ ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ዕድሜው ሲደርስ የዘወትር አበል አያገኝም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ተኩልና 10 ዓመት በአፍ ሲነገሩ ቅርብ ናቸው፤ በጡረታ መዝገብ ላይ ግን የተራራቁ ናቸው። የጡረታ አዋጆቹ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ስለ ተተኩ የራሳችሁን ስሌት ከጡረታ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ተረዱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አራት ነገር እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፣ የተቀጠራችሁበትን ደብዳቤ ጠብቁ። ቀኑን አንብቡ። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረቱ በትክክል መጻፉን እዩ። ስማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ፊደል ቢሳሳት ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ሁለተኛ፣ ሥራ ስትለቁ ወይም ስትዛወሩ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ቀድሜ የጠቀስኩት አዋጅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ሦስተኛ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላውን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነድም ጠፍቷል። የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሲጠፋ በሠራተኛው ሣጥን ውስጥ ያለው ቅጂ ይናገራል። ወረቀቱን ከጭስና ከአይጥ ጠብቁት። በርበሬም አትቋጥሩበት።

አራተኛ፣ ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። የጠየቅነው ሰው ቢቸኩል «እስከ መጨረሻው አንብብልኝ» በሉት። ማፈር የለም። «ሰርቪስ ሲሉ ምኑን ነው?» ብሎ መጠየቅ እናቴን ከብዙ ነገር ባዳናት ነበር።

እናንተ ጽሑፍ የምታወጡ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ካላችሁ፣ አንድ ቃል አለኝ። ስለ ሥራ ዘመን ስትጽፉ «የአገልግሎት ዘመን» ብላችሁ ጻፉ። አማርኛው እያለ ሠራተኛውን በአምስት ፍቺ መካከል አታንከራትቱት።

መልመጃ

አሁን እርሳስና ደብተር አንሱ።

1. «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ጻፉ። «ቪ» ላይ ያለውን መስመር አትርሱ።

2. ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ «ሰርቪሱ ጠባብ ቢሆንም ወጥ ቤት ስላለው ወሰድነው።» ስለ መኪና ነው፣ ስለ ቤት ነው ወይስ ስለ ሥራ ዘመን? በየትኛው ቃል አወቃችሁ?

3. ይህንንም አንብቡ፦ «የአባቴ ሰርቪስ 30 ዓመት ሞላው።» ይህ ምንድን ነው? መኪና ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድለዋል?

4. ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ከዚያ እስከ ዛሬ ስንት ዓመት እንደ ሆነ አስሉ። ፋብሪካ ባትሠሩም ግድ የለም። ገበሬውም፣ ነጋዴዋም፣ የቤት እመቤቷም ዘመን አላቸው። ጻፉት።

5. በሚቀጥሉት ቀናት በመንገድ ላይ «ሰርቪስ» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ ቆማችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የትኛው ፍቺ እንደ ሆነ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ልሰናበታችሁ ነው። እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ፊደል ቆጥራለች። ዓይኗ ስለ ደከመ ግን ረጅም ወረቀት አሁንም እኔ ነኝ የማነብላት። የመብራት ሒሳብም ይሁን የዕድር ደብዳቤ ገና ስጀምር እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች። ዝም ብላ ትሰማለች። ድምፄ ሲያርፍ ቀና ትልና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች፦

«አራቱ ነጥብ ላይ ደረስክ?»

እናንተም አሁን ደርሳችኋል። ደህና ሁኑ።